በነጠላ ሥር የተሸሸገ ጀርባ

የአንዲት ልጃገረድ ጀርባ መጣመም መጀመሩን ብዙ ጊዜ ከሐኪም አስቀድሞ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ ነው። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የሚሆናትን ቀሚስ ሊለካ ሜትሩን በትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ፣ አንደኛው ትከሻ ከሌላው ከፍ ብሎ፣ ወገቧም በአንድ በኩል ገባ በሌላው በኩል ቀጥ ብሎ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜም ደግና ጨዋ ሰው የሆነ እንደ ሆነ፣ አንዳች ሳይናገር የቀሚሱን ጠርዝ በአንድ ወገን ጥቂት አስረዝሞ ይቆርጥና፣ ዝቅ ባለው ትከሻ ሥር ጥጥ ጨምሮ ይሰፋዋል፤ እናቲቱም አይታ እንዳላየች ሆና ዋጋውን ከፍላ፣ ነጠላውን በልጅቱ ትከሻ ላይ ደርባላት ትሄዳለች። በዚህ አኳኋን፣ በልብስ ሰፊው ርኅራኄ፣ በእናቲቱ ፍርሃትና በልጅቱ ኀፍረት ተባባሪነት፣ አንድ ደዌ ከሰው ዓይን ይሰወራል። በክፋት የተደረገ ነገር የለም። ሆኖም ይህ በበጎ ልቡና የሚደረግ መሸሸግ የደዌው ረዳት ሆኖ ብዙ ጀርባ እንዳጣመመ ስለማምን፣ ዛሬ በዚህ ጋዜጣ ላይ ጥቂት ልናገር ወደድሁ።

ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ ብለው የሚጠሩት ይህ ደዌ የአከርካሪ አጥንት ወደ ጎን መጣመም ነው፤ ነገር ግን ዓምዱ ወደ ጎን ሲያዘነብል በራሱም ዙሪያ ስለሚጠማዘዝ፣ ተያይዘውት ያሉትን የጎድን አጥንቶች አብሮ እየጎተተ በጀርባ በአንድ ወገን ጉብታ ያወጣል። መጠኑ በራጅ ላይ የሚለካው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኮብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ባስተማረው ዘዴ ሲሆን፣ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የተጣመመ አከርካሪ በዚህ ስም ይጠራል። በጉርምስና ዕድሜ ካሉ ልጆች ከመቶው ሁለቱ ወይም ሦስቱ እንዲህ ያለ ጀርባ አላቸው፤ የአብዛኞቹ መጣመም ቀላል ሆኖ ሕክምና የማያሻው ሲሆን፣ ከፍ ወዳለው ደረጃ ከሚደርሱት መካከል ግን ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ እጅግ ይበልጣሉ። ከማኅፀን ጀምሮ አከርካሪያቸው በሚገባ ሳይሠራ የሚወለዱ አሉ፤ የነርቭና የጡንቻ ሕመም ያመጣባቸውም አሉ፤ ከአምስቱ በአራቱ ላይ ግን ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ሳይንስ እስከ ዛሬ አላረጋገጠም።

ምክንያቱ ባልታወቀበት ስፍራ ደግሞ ወቀሳ ቶሎ ይገባል። ሞግዚቲቱ አለአግባብ አዝላት ነው፣ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ከባድ ነገር አንሥታ ነው፣ ልጅቱ ጀርባዋ ሳይጠና እንስራ ተሸክማ ነው፣ የደብተሯን ቦርሳ በአንድ ትከሻ አንግታ ነው፣ አቀማመጧ ከፍቶ ነው፤ የማይባል የለም። ከእነዚህ አንዱም ይህን ደዌ እንደሚያመጣ አልታየም። እንስራ የተሸከመ ወገብ ይታመም ይሆናል፤ ልጅን ከአቅሟ በላይ ማሸከምም በራሱ በደል ነው፤ አከርካሪን አጣሞ የሚያስቀረው ግን እርሱ አይደለም። በልጇ ጀርባ ምክንያት ለዓመታት ራሷን ስትከስስ የኖረች እናት ካለች፣ ይህን አንብባ ክሷን ታንሣ።

ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የሚምታታ ሌላ ደዌ አለ፤ እርሱም የአከርካሪ ነቀርሳ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 የገለጠው ይህ ሕመም የአከርካሪውን አጥንት በልቶ ጀርባን ወደ ፊት ያጎብጣል፤ በአገራችንም ብዙ ሰው አጉብጧል። በጊዜ የተገኘ እንደ ሆነ ግን የነቀርሳ መድኃኒት ያድነዋል። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ይህን የምጽፈው ዳር ቆሜ እያየሁ አይደለም፤ የእኔም አከርካሪ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ቀኝ የተጣመመ ነው። ሕመሙ ሰዎች እንደሚገምቱት የሚያስጮህ ሕመም አይደለም፤ ይልቁንም ከቀትር በኋላ የሚመጣ፣ ከትከሻ አጥንት ሥር ተነሥቶ ወደ ወገብ የሚወርድ ድካም ነው፤ በአንድ ወገን ያለው ጡንቻ፣ ከለገመ በሬ ጋር እንደ ተጠመደ በሬ፣ የሁለቱን ሥራ ብቻውን ሲጎትት ይውላልና። ቦርሳ ዝቅ ካለው ትከሻ ላይ አይረጋም፤ መኝታ በአንድ ጎን እንጂ በሌላው አይመችም፤ ፎቶግራፍ በሚነሣበት ጊዜ ከሰው ኋላ መቆም፣ በግብዣ ቤትም ጀርባን ወደ ግድግዳ አድርጎ መቀመጥ ልማድ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ልማድ የጡንቻ ሕመም ያመጣው እንዳይደለ ልብ ይሏል።

ስለ ወደ ፊቱ የሚነገረው ማስፈራሪያ ግን ከእውነቱ ይበልጣል። በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ሐኪሞች በጉርምስናቸው ይህ ደዌ የጀመራቸውንና ያልታከሙትን ሰዎች 50 ዓመት ያህል ተከታትለው በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕሙማኑ ከሌላው ሰው ይልቅ የጀርባ ሕመም ቢበዛባቸውም ሠርተው፣ አግብተው፣ ወልደው እንደ ሌላው ሰው መኖራቸውን ገልጠዋል፤ የትንፋሽ ማጠር በብርቱ የሚያሠጋው በደረት አካባቢ ያለው መጣመም ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ሕሙማን ያለ ችግር ይፀንሳሉ፣ ይወልዳሉም። ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት አከርካሪው የተጣመመ መሆኑን ራሱ ተናግሯል፤ በ2009 በበርሊን 100 ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ የሮጠው በዚያው ጀርባ ነው።

የጀርባን መጣመም የልብ መጣመም ምልክት አድርጎ ማንበብ ደግሞ የእኛ አገር ሰው ብቻ በደል አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ሣልሳዊ ሪቻርድ በ1485 በቦስዎርዝ ጦር ሜዳ ከወደቀ በኋላ፣ ሼክስፒር በተውኔቱ ጎባጣ፣ ሰንካላና ከሰውነቱ የከፋች ነፍስ ያለችው አውሬ አድርጎ ሥሎት፣ አራት መቶ ዓመት ያህል ዓለም በዚያው መልኩ አወቀው። በ2012 በሌስተር ከተማ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ሥር አጽሙ ተቆፍሮ ሲወጣ፣ አከርካሪው ከ65 እስከ 85 ዲግሪ ወደ ጎን የተጣመመ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በጉርምስናው ዘመን የጀመረው፣ ከላይ የተናገርሁት ደዌ ነበር እንጂ የተውኔቱ ጉብጥና አልነበረም። ሊቃውንቱ በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲጽፉ፣ ብልህ ልብስ ሰፊና በልኩ የተሠራ የብረት ልብስ መጣመሙን ከሰው ዓይን ሊሰውሩት ይችሉ እንደ ነበር ገመቱ። እንግዲህ የቤተ መንግሥቱም ሰፊ ከእኛ መንደር ሰፊ የተለየ ሥራ አልነበረውም ማለት ነው። ንጉሡ ጨካኝ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት፤ አጥንቱ ግን ስለ ምግባሩ አንዳች አይመሰክርም።

በእኛ ዘንድ መሸሸጉን የሚያጠነክረው ግን ከጋብቻ ጋር የተያያዘው ነገር ነው። ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይጠየቃል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ በማን ቤት ምን ዓይነት ደዌ እንደ ታየ ይመረመራል። ስለዚህ የጎበጠች አክስት ያለችበት ቤት፣ አክስቲቱን የሚደብቀው እርሷን ስለ ጠላ አይደለም፤ ታናናሽ እኅቶቿ ሳይዳሩ እንዳይቀሩ ሠግቶ ነው። ይህን ሥጋት ከንቱ ነው ብዬ አላጣጥለውም፤ ደዌው በአንዳንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ከሌላው ይልቅ እንደሚበዛ የታወቀ ነውና። ነገር ግን በዘር የሚከተል ነገር ካለ፣ የአንዲቱ ጀርባ መታወቁ ለታናናሾቿ ጥበቃ እንጂ ጥፋት ሊሆን አይገባውም ነበር፤ ታላቂቱ መጣመሟ የታወቀ እንደ ሆነ የታናሺቱ ጀርባ በ10 ዓመቷ ይታያል፤ ታላቂቱ የተሸሸገች እንደ ሆነ ግን የታናሺቱም ጀርባ ተሸሽጎ ይጣመማል። በዚህም ምክንያት እኅትን ለመዳር ሲባል የተሸፈነው ነገር ራሷን እኅትን ይጎዳል። በዚያም ላይ የተሸሸገችው ልጅ ራሷ ምን እየተማረች እንደምታድግ የሚያስብ ጥቂት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ግቢ የምትባል፣ በሰርግ ቀን ከሚዜዎች መካከል የማትቆጠር፣ በትምህርት ቤት በቅጽል ስም የምትጠራ ልጅ፣ አከርካሪዋ 30 ዲግሪ ቢጣመም ልቧ ከዚያ ይበልጥ ይጎብጣል፤ ይህኛውንም የሚለካ ራጅ የለም።

የመንፈስ ፈተናው ከዚህ ሁሉ ይጠልቃል። ሰው በአርአያ እግዚአብሔር ተፈጠረ እየተባለ የተማረ ልጅ፣ በመስተዋት ፊት ቆሞ ያን አርአያ በራሱ ጀርባ ላይ ሲፈልገው፣ ጎረቤትም ዘመድም፣ አንዳንድ ጊዜም አጥማቂ ነኝ ባይ፣ ይህ የማን በደል ነው ብለው በጆሮው ሲጠይቁ ይሰማል። በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው፣ እርሱም ወላጆቹም በድለው እንዳይደለ ከጌታ አንደበት ሰምተዋል። ይህ ምላሽ በየዓመቱ በመቅደስ እየተነበበ፣ ሰሚው ከቅጽሩ ሲወጣ ጥያቄውን እንደ ገና ማንሣቱ ይገርመኛል።

ከወንጌል ሰዎች ሁሉ ይልቅ አዘውትሬ የማስባት ግን በሉቃስ በ13ኛው ምዕራፍ የተጻፈችውን ጎባጣ ሴት ነው። መጽሐፉ የድካም መንፈስ እንደ ነበረባት፣ ሰይጣንም እንዳሰራት ስለሚናገር፣ አንዳንዶች ይህን ይዘው ጀርባው የጎበጠ ሁሉ መንፈስ ያደረበት ነው ለማለት ይቸኩላሉ፤ ለእነዚህ የምመልሰው፣ ስለ አንዲት ሴት የተነገረው በሁሉ ላይ እንዲፈርድ አልተጻፈም፣ ጌታም ኃጢአቷን አልጠየቃትም፣ የአብርሃም ልጅ ብሎ በሕዝቡ ፊት አከበራት እንጂ የሚል ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ደግሞ ከፈውሱ ይልቅ ስፍራው ነው። ሴቲቱ 18 ዓመት ጎብጣ ሳለች በሰንበት ቀን በምኩራብ፣ በጉባኤው መካከል ነበረች። የጓዳ መጋረጃ አልተጋረደባትም፤ እርሷም ኀፍረቷን ታቅፋ በቤቷ አልቀረች። ባትመጣ ኖሮ ማን ባያት ነበር?

የቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዐት ሲታይ ስለ ደከመ ጀርባ ያላሰበ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት የሚቆም ደብተራ መቋሚያ ይመረኮዛል፤ ምርኩዝ በቅኔ ማኅሌት ውስጥ የማዕርግ ዕቃ እንጂ የነውር ዕቃ ሆኖ አያውቅም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደ ተሰበረና በቀረው እግራቸው ጸሎታቸውን እንደ ቀጠሉ ገድላቸው ይናገራል፤ ሠዓሊዎቻችንም የተሰበረውን እግር አልሸሸጉትም፣ ከጻድቁ አጠገብ ሥለውት በየቤተ መቅደሱ ይታያል። እንዲህ ያለ ሥዕል እየተሳለመ የሚያድግ ሕዝብ በተጣመመ ጀርባ ማፈሩን እንዴት እንደ ተማረው አላውቅም። በሰሙነ ሕማማት ምእመናን ሲሰግዱ፣ አከርካሪው የተጣመመ ሰው ከጎኑ ካለው እኩል መውደቅ መነሣት አቅቶት፣ የሰነፈው ጀርባው ሳይሆን እምነቱ መስሎ ይታየዋል። የነፍስ አባት ግን ለሕሙም ቀኖናን ያቀልላል፤ ይህ የታወቀ ሥርዐት ነው፤ ነገር ግን ሕመሙን ለነፍስ አባቱ እንኳ ያልገለጠ ሰው ማን ያቀልለታል?

ጸበልን በሚመለከት ለመናገር የምፈራ አይደለሁም። ጸበል ለሚያምን ሰው ጸጋ ነው፤ እኔም ተጠምቄአለሁ። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቆጥረው፣ በ38ኛው ምዕራፉ ባለ መድኃኒት እንዲከበር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ስለዚህ ሐኪም ቤት አትሂዱ እያለ ሕሙምን ከጸበሉ ዳር የሚያስቀር ሰው ከሲራክ ጋር ይጣላ እንጂ ከእኔ ጋር አይደለም። ስለ ወጌሻም እንዲሁ አጭር ቃል አለኝ፤ የወለቀ መጋጠሚያ ሲመልስ ያመሰገነው ብዙ ነው፤ እያደገ ያለን አከርካሪ በማሸትና በመጫን ማቃናት ግን አይቻልም፤ ነቀርሳ የበላው አከርካሪ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው።

ይህን ሁሉ በጥድፊያ የሚያስነግረኝ የጊዜ ነገር ነው። ይህ ደዌ የሚብሰው አጥንት በሚያድግበት ወራት ነው፤ በሴት ልጅ ዘንድ ዋነኛው ጊዜ የወር አበባ ከመጀመሩ በፊት ያለው አንድ ዓመት ያህል ነው። ዕድገት ካበቃ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች ያለው መጣመም እምብዛም አይጨምርም፤ ከ50 በላይ ያለው ግን በየዓመቱ አንድ ዲግሪ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። በዕድገት ላይ ያለች ልጅ መጣመሟ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ የሆነ እንደ ሆነ፣ በልኳ የተሠራ ጠንካራ የጀርባ ደጋፊ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ታጥቃ እንድትውልና እንድታድር ይደረጋል። ነገሩ ምቾት የለውም፤ ይሞቃል፣ ይፈገፍጋል፣ ልጅቱንም ያሳፍራታል። በአሜሪካና በካናዳ የተደረገውና በ2013 የታተመው ጥናት ግን፣ ደጋፊውን ከታጠቁት ልጆች ከመቶው 72ቱ፣ ካልታጠቁትም 48ቱ መጣመማቸው 50 ዲግሪ ሳይደርስ ዕድገታቸውን እንደ ጨረሱ ስላሳየ፣ ጥቅሙ ግልጽ ሆኖ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ቁጥሩን በቅንነት የሚያነብ ሰው፣ ሳይታጠቁም የዳኑ ብዙዎች መሆናቸውን ያያል፤ ረዘም ላለ ሰዓት የታጠቁት ግን ከሁሉ ይልቅ ተጠቅመዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው አጥንቱ ገና ሲያድግ ነው፤ በ18 ዓመቷ ነጠላዋን ገልጣ ለሐኪም ለምታሳይ ልጅ ደጋፊው አይረዳም።

ለእርሷ የሚቀረው፣ መጣመሟ ከፍ ያለ እንደ ሆነ፣ ቀዶ ሕክምና ነው። በሂውስተን የፖሊዮ ሕሙማን ልጆችን ያክም የነበረው ፖል ሃሪንግተን በ1962 የብረት ዘንግ በአከርካሪ ላይ ማሰሩን ካሳወቀ ወዲህ ጥበቡ ብዙ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ዛሬም ረጅምና ውድ፣ ለነርቭም የሚያሠጋ ሥራ ነው። ለኢትዮጵያውያን ሕሙማን በዚህ ረገድ ብዙ የደከሙት አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ ናቸው፤ በ1984 በረኀቡ ዘመን ለእርዳታ መጥተው፣ ከ1990 ጀምሮ በአንድ የአይሁድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥር በአዲስ አበባ ሲሠሩ፣ በእማሆይ ቴሬዛ መነኮሳት ቤት የተጠለሉትን ጀርባቸው የተጣመመ ሕሙማን ማየት ጀመሩ፤ ከ2006 ወዲህም ብዙዎቹን ወደ ጋናዊው ቀዶ ሐኪም ወደ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ይልካሉ። በአክራ ባለው የእኚህ ሐኪም ሆስፒታል እጅግ የከፋ መጣመም ያለባቸው ልጆች አስቀድሞ በራሳቸው ላይ የብረት ቀለበት ተደርጎ፣ ክብደት እየተንጠለጠለበት ለሳምንታት አከርካሪያቸው ቀስ በቀስ ይሳባል፤ ከዚያም ቀዶ ሕክምናው ይደረግላቸዋል። አይሁዳዊ ሐኪም በካቶሊክ መነኮሳት ቤት ያገኛቸውን የክርስቲያንና የእስላም ልጆች ወደ አፍሪካዊ ወንድማችን እጅ ሲልክ ማየት ለእኔ የሚያጽናና ነገር ነው፤ ነገር ግን ያን ያህል መንገድ የሚያስኬደው መጣመም 30 ዲግሪ ሳለ በቤታቸው ታይቶ እንደ ነበር ማሰቡ አያጽናናም።

ስለዚህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ዊልያም አዳምስ በ1865 የገለጠው ምርመራ ዛሬም ያገለግላል፤ ልጁ እግሮቹን አቀራርቦ፣ ሁለት እጆቹን ገጥሞ ወደ ፊት ሲያጎነብስ፣ መርማሪው ከኋላው ቆሞ የጎድን አጥንቱ በአንድ ወገን ከፍ ማለት አለማለቱን ያያል። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ መሣሪያም አያሻውም። ይህን የሚቃወም ሰው፣ በ2018 የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና መካሪዎች ጉባኤ፣ ልጆችን ሁሉ መመርመር ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ማለቱን ሊጠቅስብኝ ይችላል፤ እውነትም ብሏል። ነገር ግን ያ ጉባኤ የተናገረው ሐኪም ስለሚያያቸው የአሜሪካ ልጆች ነው፤ የእኛ ልጅ ጀርባውን ከእናቱና ከልብስ ሰፊው በቀር የሚያይለት የለውም። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚያበጁ የአካል ድጋፍ ማዕከላት በአዲስ አበባም በክልሎችም ስላሉ፣ የጀርባ ደጋፊ ማበጀቱን ቢያሰፉት ከልማዳቸው የራቀ ሥራ አይሆንባቸውም።

ትምህርት ቤቶች በጥቅምት ወር፣ ምዝገባው አብቅቶ ክፍሉ ሲረጋ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጆች አንድ ቀን ቢያዩ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና መድረሳዎችም ቢከተሉ ይበቃል። ሴቶቹን ልጆች ሴት መምህርት በመጋረጃ ውስጥ ትያቸው፤ እናት መምጣት የምትፈልግ እንደ ሆነ ትምጣ፤ የታየውም ነገር በክፍል ውስጥ ሳይነገር፣ ራጅ የሚነሣበትን ስፍራ የሚያመለክት ደብዳቤ ታሽጎ ለወላጅ ይሰጥ።